ከነጋሪት የተወረሰ ሥራ፦ ንግድ ቤቶቻችንና ሕዝብ ግንኙነት

ከባሕር ዳር ተነስቶ ወደ ላሊበላ ወይም ወደ ወልድያ የሚሄድ መንገደኛ ደብረ ታቦርን አልፎ፣ የጉናን ተራራ ተሻግሮ የጋይንቷ ንፋስ መውጫ ሲደርስ ርቦታል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ያለች ደጋ ናትና ብርዱም ትኩስ ነገር ያስመኛል። አውቶቡሱ ይቆማል፣ ተሳፋሪው ይወርዳል። የት እንደሚበላ ግን ከመውረዱ በፊት ወስኗል። ረዳቱ ነግሮታል፤ ካልሆነም ባለፈው ሳምንት በዚያ ያለፈ ዘመዱ «እዚያ ቤት ግባ፣ ከጎኑ ያለውን ግን እንዳትሞክር» ብሎታል። ባለቤቱ በሩ ላይ ያሣለው ማስታወቂያ በዚህ ውሳኔ ውስጥ ያለው ድርሻ ትንሽ ነው። የቤቱ ስም ቻይናውያን በሠሩት መንገድ ላይ እየተመላለሰ ወረታና ወልድያ ላይ ይነሳል፣ ይወድቃል። ባለቤቱ በቦታው የለም።

ሕዝብ ግንኙነት የሚባለው ሙያ ሥራው ይህ ነው፦ ባለቤቱ በሌለበት የሚነገረው ነገር ከምን እንደሚመነጭ ማወቅ፣ ምንጩንም መንከባከብ። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ከነጋዴ ጋር ጨዋታ ሲነሳ የሚሰማው ግን ሌላ ነው። ገንዘብ የተረፈው የትልቅ ድርጅት ጉዳይ ነው ይባላል። ባነር መስቀል፣ ካሜራ መጥራት፣ እንግዳ መቀበል ነው ይባላል። ጥፋትን በጥሩ ቃል መሸፈኛ ነው የሚሉም ብዙ ናቸው። በሚሉት ሰዎች አልፈርድም፤ ያዩትን ነው የሚናገሩት። የንግድ ድርጅቶቻችን ይህን ሙያ የወረሱት ከገበያ ሳይሆን ከነጋሪት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለ ሙያው ያለን የተሳሳተ ግምትም ከዚያ ውርስ የመጣ ነው።

ነጋሪት ሲጎሰም ከሕዝቡ የሚጠበቀው መስማት ነበር። አዋጅ ነጋሪው የገበያ ቀን የሚመርጠው ከየአቅጣጫው የመጣው ሰው ቃሉን ይዞለት እንዲሄድ ነው። የገበያተኛው ጥያቄ ወደ ቤተ መንግሥት የሚመለስበት መንገድ በአዋጁ ውስጥ አልነበረም። ይህ አሠራር ዘመናዊ መልክ ይዞ የታየው ደግሞ ከጋይንት ሰው ደጃፍ ብዙም ሳይርቅ ነው። የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ በንጉሥ ተፈሪ ላይ ተነስተው፣ ጦራቸውን ይዘው ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ በተንቀሳቀሱ ጊዜ፣ የአዲስ አበባው መንግሥት በአውሮፕላን ቦምብ ከመጣል ሌላ ወረቀት በተነባቸው። በወረቀቱ ላይ ራስ ጉግሣን የሚከተል ሁሉ የተወገዘ እንደሚሆን የሚገልጽ የቤተ ክርስቲያን ቃል ነበረበት። አውሮፕላን ለአብዛኛው የበጌምድር ወታደር እንግዳ ነገር ነው። ከሰማይ የወረደው ወረቀት የጳጳሱን የአቡነ ቄርሎስን ስም መያዙ ደግሞ ከቦምቡ ባልተናነሰ ልብ ይከፍላል። በራስ ጉግሣ ሰፈር ብዙ ሰው አመነታ፣ የከዳም ነበር። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም በአንቺም ሜዳ ላይ ጦርነቱ ሲደረግ ራስ ጉግሣ እዚያው ወደቁ።

ወረቀቱ በእርግጥ ሠርቷል። የሠራው ግን ወታደሩ በጳጳሱ ቃል ስላመነ ነው፤ ያ እምነት ደግሞ በዚያ ሳምንት የተፈጠረ አልነበረም። ከኋላውም ቦምብ ነበረ። የእኛ ድርጅቶች ከዚህ ታሪክ የወሰዱት መበተኑን ብቻ ነው። በራሪ ወረቀት ያሳትማሉ፣ መጽሔት ያወጣሉ፣ በየማኅበራዊ ገጹ ፎቶ ይለጥፋሉ። በዓመቱ መጨረሻም ሪፖርታቸው ስንት እንደተበተነ ይቆጥራል። የደረሰው ሰው ምን አለ የሚል ዓምድ ሪፖርቱ ውስጥ የለም።

በ1967 ዓ.ም ደርግ ትልልቆቹን ፋብሪካዎች፣ ባንኮችና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ሲወርስ ይህ ልማድ ይበልጥ ሥር ሰደደ። የተወረሰ ድርጅት ከሸማች ይልቅ የሚያስፈራው የበላይ አካል ነበርና፣ የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉም ፊቱን ወደ ላይ አዞረ። ዕቅድ ተሳካ፣ ጓድ እገሌ ጎበኙ፣ የእንግዳ መዝገብ ተፈረመ። ከ1983 ዓ.ም በኋላ የግል ባንኮችና አክሲዮን ማኅበራት ሲቋቋሙ ባለሙያውንም፣ የአሠራር ልማዱንም ከዚያው ነው የተረከቡት። ዛሬ የአንድን ድርጅት መጽሔት ገልጠው የሥራ አስኪያጁን ፎቶ ቢቆጥሩና የአንድን ደንበኛ ቅሬታ ቢፈልጉ ውርሱ ወለል ብሎ ይታያል።

ከዚህ የተለየ ጅምርም ነበረን። በአዲስ አበባ የእቴጌ ሆቴል በ1900 ዓ.ም ገደማ ሥራ ሲጀምር፣ ከፍሎ ከቤት ውጭ መብላት ለመኳንንቱ ነውር ይመስል ነበር ይባላል። ዳግማዊ ምኒልክ ይህን ለመስበር አዋጅ አላስነገሩም። ራሳቸው ሄደው በሉ፣ ሒሳቡንም ከፈሉ እየተባለ ሲነገር ኖሯል። ሰውን ያስፈራው ነገር ምን እንደሆነ ተረድቶ በሥራ መመለስ ማለት ይህ ነው።

ዝም ማለት ያዋጣል የሚለው እምነት ደግሞ ለብቻው ሊታይ የሚገባው ነው፤ በንግድ ቤት ውስጥ ከሁሉም የከፋው እሱ ይመስለኛል። ቅሬታ ሲመጣ ስልክ ማጥፋት፣ ደብዳቤ ሲደርስ መሳቢያ ውስጥ መክተት፣ ጋዜጠኛ ሲጠይቅ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ማለት። ጊዜው ሲያልፍ ነገሩም ያልፋል ተብሎ ይታሰባል።

የበጌምድር ሰው ያልተመለሰ ደብዳቤ ምን እንደሚያመጣ በዓይኑ አይቷል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ዓ.ም ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ወዳጅነት የሚጠይቅ ደብዳቤ ጽፈው በቆንስል ካሜሮን በኩል ላኩ። መልእክተኞች ልልክ አስቤአለሁና መንገዱን አመቻቹልኝ የሚል ነበር። ደብዳቤው በዚያው ዓመት በየካቲት ለንደን ገባ። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ሰዎች ግን አስቸኳይ አልመሰላቸውምና አስቀመጡት። እነሱ ዘንድ የተረሳ ወረቀት ነው፤ ንጉሡ ዘንድ ንቀት ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ከጠበቁ በኋላ ቆንስሉንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። መልሱ በእንግሊዝ መልእክተኛ በሆርሙዝድ ራሳም እጅ ሲደርሳቸው 1858 ዓ.ም ሆኗል። በመካከሉ ብዙ ነገር ተበላሽቷል። ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትንና 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ መንገድ እያስቆረጡ ከደብረ ታቦር በጋይንት በኩል የጨጨሆን አቀበት ወጥተው ወደ መቅደላ ዘለቁ። እስረኞቹን ሊያስፈታ የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦርም በዙላ ወደብ ወርዶ ከሰሜን ገሰገሰ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም መቅደላ ላይ የሆነው የታወቀ ነው። ለጦርነቱ ሌሎችም ምክንያቶች ነበሩት። ቢሆንም ሁለት ገጽ መልስ በጊዜው ተጽፎ ቢሆን ኖሮ የጋይንት ገበሬ በዚያ ዓመት ያን ሁሉ መከራ ባላየ ነበር እላለሁ።

ዝምታ ራሱ መልእክት ነው። የሚያስተላልፈውን ደግሞ ዝም ያለው ሰው አይመርጥም፤ የሚመርጠው የሚጠብቀው ነው።

ከዝምታ ቀጥሎ የሚመጣው መደበቅ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም የወሎ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ መንግሥት ነገሩ እንዳይሰማ ብዙ ደክሟል። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ፎቶ ይዘው ተመለሱ፤ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ቀርጾ በጥቅምት 1966 ዓ.ም ለዓለም አሳየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም ምሽት ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ጋር አጣብቆ በቴሌቪዥን አስተላለፈ፤ በማግስቱ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ። ለአካባቢያችን ሰው ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም። ላይ ጋይንትም፣ ታች ጋይንትም፣ ስማዳም ዝናብ ሲያጥር ቶሎ የሚጎዱ፣ ችግራቸው ካልተነገረላቸው ደራሽ የሚያጡ ወረዳዎች ናቸው። አገር ያወቀውን፣ ፀሐይ የሞቀውን ነገር በመግለጫ ለመሸፈን የሚሞክር ሰው ሁለት ጊዜ ይከስራል፤ አንዴ በጥፋቱ፣ አንዴ በመሸፈኑ።

የሕዝብ ግንኙነት ሙያ በአሜሪካ ሲጀመር ከዚሁ ችግር ጋር ነው የተጋፈጠው። በ1906 እ.ኤ.አ. አትላንቲክ ሲቲ አጠገብ ባቡር ከድልድይ ወድቆ ከ50 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ለባቡር ኩባንያው ይሠራ የነበረው አይቪ ሊ አደጋውን ከመደበቅ ይልቅ ለጋዜጦች መግለጫ በተነ፤ ጋዜጠኞቹንም ወደ ቦታው ጋበዘ። ይኸው ሰው ከ8 ዓመት በኋላ፣ በሉድሎው የማዕድን ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው ሲገደሉ ለማዕድኑ ባለንብረት ለሮክፌለር ወግኖ ሐሰት የነበረበት ጽሑፍ አሰራጭቷል። የሙያው አባት ከሚባሉት አንዱ በአንድ እጁ በር ከፍቶ በሌላው ዘግቷል ማለት ነው። ሰው ሙያውን ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ሆኖም ከሁለቱ ሥራዎቹ የትኛው ኩባንያውን እንደጠቀመና የትኛው እስከ ዛሬ እንደሚያሳፍር ማየት ቀላል ነው።

በእኛው ዘመን መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ 157 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ቀን ዋና ሥራ አስፈጻሚው ተወልደ ገብረ ማርያም አደጋው በደረሰበት ጉድጓድ ውስጥ ቆመው የሚያሳይ ፎቶ አየር መንገዱ ራሱ አወጣ። ለጋዜጠኞችም ቀርበው ተናገሩ። የመጀመሪያው የምርመራ ሪፖርት በዚያው ወር መጨረሻ ላይ ይፋ ሆነ። የሟች ቤተሰቦች ሐዘንና ጥያቄ በፎቶ የሚዘጋ አይደለም። ነገር ግን ያን ዕለት ድርጅቱን ወክሎ የቆመው ቃል አቀባይ ሳይሆን የሚወስነው ሰው ነበር። እዚህ ላይ ብዙ ድርጅቶቻችን ይሳሳታሉ። አንድ ወጣት ባለሙያ ቀጥረው ካሜራ ይሰጡትና ከውሳኔ ክፍሉ ውጭ ያስቀምጡታል። ነገሩ ሲበላሽ ጠርተው «አስተካክለው» ይሉታል። ያልሰማውን ውሳኔ፣ ያልተጠየቀበትን ዋጋ ጭማሪ እንዴት አድርጎ ያስረዳ?

ማስታወቂያና ሕዝብ ግንኙነትን አንድ ማድረግም በዚሁ ላይ ይታከላል። ማስታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 759/2004 የሚገዛ፣ የአየር ሰዓት ወይም ገጽ ተከፍሎበት የሚነገር ነው። ተናጋሪው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚሸጥ ይታወቃል። ስም ግን ተከፍሎበት አይገዛም። በ2011 ዓ.ም የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ፣ ስማቸውን በማስታወቂያ ላይ ብቻ ያቆሙ ቢራ ፋብሪካዎች ከጠጪው ጋር የሚገናኙበት ዋና መንገድ በአንድ ጊዜ ተዘጋ።

ስለ መንግሥት መሥሪያ ቤቶችም አንድ ነገር ልበል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊን የሚያውቀው የዜጎችን የመረጃ ጥያቄ ተቀብሎ መልስ እንዲሰጥ፣ ቢበዛም በ30 ቀን ውስጥ እንዲያደርገው ነው። በሕጉ መሠረት ይህ ሰው በር ከፋች ነው። በተግባር በር ጠባቂ ሆኖ ሲገኝ ጥፋቱ ከሙያው ሳይሆን ካስቀመጠው አለቃ ነው። የግል ድርጅትን ሕጉ ባያስገድደውም፣ በራሱ ፈቃድ ይህንኑ ልማድ ቢያደርገው ማን ይከለክለዋል?

አሁን ወደ ራሳችን አካባቢ ልመለስ፤ ዋናው ትምህርት ያለው እዚያ ነው።

የእስቴ ተወላጅ የሆኑት ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም ፎገራ ውስጥ፣ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ፣ አውራ አምባ የተባለውን ማኅበረሰብ መሠረቱ። ወንድ እንጀራ ይጋግራል፣ ሴት ታርሳለች፣ አረጋዊ ይጦራል፣ በዓል ተብሎ ሥራ አይፈታም። ለጎረቤቱ ይህ ሁሉ መናፍቅነት ነበር። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የሌለው መንደር ምን ይባላል? ስማቸው ጠፋ፤ በደርግ ጊዜም ተከሰሱና ቀያቸውን ጥለው እስከ ቦንጋ ተሰደዱ። ከሥርዓቱ ለውጥ በኋላ ሲመለሱ የቀራቸው መሬት 17.5 ሄክታር ገደማ ብቻ ነበር። ይህ መሬት ያን ሁሉ ሰው አያበላም። ወደ ሽመና፣ ወደ ወፍጮ፣ ወደ ሱቅ ዞሩ።

ሸማኔ ጋቢ የሚሸጠው፣ ወፍጮ እህል የሚፈጨው ለሰው ነው። ስማቸው በጠፋበት አገር ማን ሊመጣላቸው ይችላል? መግለጫ አላወጡም፣ የጎረቤታቸውንም እምነት አልነቀፉም። ወፍጮውን ተከሉ። ከአካባቢው ርቆ ለማስፈጨት ይደክም የነበረው ሰው እህሉን አህያ ላይ ጭኖ መጣ፤ ተራ ሲጠብቅ መንደሩን አየ፤ አይቶም ተመለሰ። ሌላው ደግሞ እንግዳ ሲመጣ ከአባላቱ አንዱ ተነስቶ ያስጎበኛል። ሽመናው ይታያል፣ አረጋውያኑ የሚጦሩበት ቤት ይታያል፣ ማድ ቤቱ ሳይቀር ይታያል፣ ልብሱንም የፈለገ ይገዛል። የማያምንበት ሰው ጥያቄ ቢጠይቅ፣ ስለ ሃይማኖት እንኳ ቢሆን፣ ይመለስለታል። በ1990ዎቹ መገናኛ ብዙኃን ሲደርሱላቸው ያገኙት የተዘጋጀ ድራማ ሳይሆን በየቀኑ ለጎብኚ የሚታየውን ነው። ጎረቤቱ ሁሉ በአስተሳሰባቸው ተስማማ ማለት አይደለም፤ አልተስማማም። ግን ይነግዳል፣ ይፈጫል፣ ሰላም ይላል። ሕዝብ ግንኙነት ሁሉን ሰው ወዳጅ ማድረግ ነው የሚለውን አስተሳሰብ አውራ አምባ ያፈርሰዋል። የሚያስፈልገው አለመስማማት እያለ አብሮ መሥራት የሚያስችል መተማመን ነው።

ከአውራ አምባ እጅግ የቆየ ሌላ ምስክር ጋይንት ውስጥ አለ። ቤተ ልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ መሆናቸውን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቀመሰ ሁሉ ያውቃል። ከጎጃምም ይምጣ ከወሎ፣ ለዓመታት ሌላ ቦታ የተማረ ደቀ መዝሙር መምህር ለመባል እዚያ ሄዶ በመምህሩ ፊት ይቀርባል። ምልክቱ ይታረማል፣ ዜማው ይፈተሻል፣ ያልበቃው ተመልሶ ይቀጽላል። ቤተ ልሔም ስሟን ለማስተዋወቅ ሰው ልካ አታውቅም። ስሟ የቆየው ያልበቃውን አልበቃህም ስለምትል ነው። የባለሥልጣን ዘመድ ነው ተብሎ ያለ ፈተና የሚያልፍ ቢበዛ ኖሮ በአንድ ትውልድ ውስጥ የሚያከብራት ባልኖረ። ከዚያ የወጣው እያንዳንዱ መሪጌታ በሄደበት ደብር አፉን በከፈተ ቁጥር የቤተ ልሔምን ስም ይዞ ይቆማል ወይም ይወድቃል። ጥራት የሚባለው ነገር ከዝና በፊት እንደሚመጣ ለማሳየት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ከውጭ አገር መጽሐፍ መፈለግ አያስፈልገንም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ወደ ዛሬው ገበያ እናምጣው። ላይ ጋይንት የድንች አገር ነው። ከጉና ዙሪያና ከንፋስ መውጫ አካባቢ የሚወጣው ድንች በአይሱዙ ተጭኖ ወደ ከተማ ይወርዳል። ጆንያው ሲታይ አፉ ላይ ያለው ትልልቅና ንጹሕ ነው። ሥሩ ሲፈታ ግን ጥቃቅኑ፣ አፈር የያዘው፣ ፀሐይ መቶት አረንጓዴ የሆነው ይወጣል። ባሕር ዳር ያለው ጅምላ ነጋዴ ይህን ሲያገኝ ይደውላል፤ ስልኩ አይነሳም። በሚቀጥለው ጊዜ የዋጋውን ልዩነት ከሁሉም ላይ ይቀንሳል፣ በሐቅ ከሞላው ገበሬም ጭምር። «የጋይንት ድንች እንዲህ ነው» የሚል ስም ወጣ ማለት ነው፤ ይህን ስም ደግሞ አንድ ገበሬ ለብቻው አያጥበውም።

የገበሬ ማኅበር ወይም ነጋዴ እዚህ ላይ ሕዝብ ግንኙነት ያስፈልገኛል ብሎ ቢያስብ፣ ብዙ ጊዜ የሚያደርገው አርማ ማሣልና በዓመታዊ ባዛር ድንኳን መትከል ነው። ድንኳኑም አርማውም ክፋት የላቸውም፤ ተራቸው ግን ኋላ ነው። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ደብተር የያዘና ስልክ የሚያነሳ ሰው ነው። ይህ ሰው የደወለውን ነጋዴ ቅሬታ ይጽፋል፣ ጆንያው ከየትኛው ቀበሌ፣ ከማን ማሳ እንደተጫነ ያጣራል፣ ጥፋት ከተገኘም ልዩነቱ እንዲከፈል ለመወሰን ሥልጣን ካላቸው ጋር ይቀመጣል። ከዚያ ወደ ገበሬው ተመልሶ፣ ድንቹ ባሕር ዳር ላይ ሲፈታ ምን እንደተባለ ሳይጨምር ሳይቀንስ ይነግረዋል። ገበሬውም የራሱ ጥያቄ አለው፦ ዋጋው ለምን ወረደ፣ ሚዛኑ ማን ያረጋገጠው ነው፣ ክፍያው ለምን ዘገየ? ያንንም ጽፎ ወደ ላይ ይወስዳል። ባለደብተሩ በሁለቱም በኩል የሚታመነው የሁለቱንም ቅሬታ ሳይቀባባ ሲያደርስ ነው፤ ለማኅበሩ አመራር የማይጥመውንም ጭምር።

ይህ ሥራ የአንድ ሠራተኛ ደሞዝ፣ አንድ ስልክና የማኅበሩን ሊቀ መንበር ቆራጥነት ይጠይቃል። ከደሞዙ ይልቅ የሚከብደው ሦስተኛው ነው። ሊቀ መንበሩ ከላይ ያለው ትልልቅ ከሥር ያለው ጥቃቅን ሆኖ የተገኘን ጆንያ፣ የወንድሙም ቢሆን፣ አልጭንም ማለት አለበት። በመጪው የድንች ወቅት ከማኅበራቱ አንዱ ይህን ቢጀምር፣ የባሕር ዳሩ ጅምላ ነጋዴ ልዩነቱን ለማወቅ ከሁለት ጆንያ በላይ መፍታት አያስፈልገውም።